ዋልያስ ባንድ፦ ከቬነስ ክበብ እስከ «የኔ ምርጫ»

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቬነስ በተባለ የምሽት ክበብ አብረው ይሠሩ በነበሩ ሙዚቀኞች ተመሠረተ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን የወሰደው ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም ከማይገኘው ዋልያ ነው። በዚያው ዘመን በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውና በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ተፎካካሪው አይቤክስም ስሙን ያገኘው ከዚሁ እንስሳ ነበር። ዋልያስ በመጀመሪያ ቅርጹ የቆየው ለአሥር ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ አባላቱ በተናጠልም በጥምረትም ከዚያ በኋላ አልበሞች አውጥተዋል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ባንድ ዘወትር ከድምፃዊው ጀርባ የሚቆም አጃቢ ነው፤ በሸክላውም ሆነ በካሴቱ ልባስ ላይ ፎቶግራፉ የዘፋኙ ነበር። ዋልያስ ግን አጃቢነቱን ሳይተው በራሱ ስም፣ ያለ ድምፃዊ፣ አልበም አሳተመ። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለትም በዋናነት ይኸው ነው።

ባንዱ በባዶ ሜዳ አልበቀለም። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። በ1955 በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ደግሞ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ለትልልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ጓዶች የማቀናበሩን ሥራ ገፋበት። በእነዚህ ተቋማት ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ወታደር። ሳክስፎኑም ትራምፔቱም የመንግሥት ንብረት ናቸው፤ ምን እንደሚጫወት የሚያዘውም አለቃው ነው። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ የወጡት ከዚህ ዓይነቱ ቤት፣ ከክቡር ዘበኛ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ ነገሩ ተለወጠ። በውቤ በረሃ ሰፈርና በመሀል ከተማ ሆቴሎች ውስጥ፣ ከመንግሥት ኦርኬስትራ የወጡም ሆኑ ከነጭራሹ ያልገቡ ወጣቶች ስድስት ሰባት ሆነው ትናንሽ ባንዶች ማቋቋም ጀመሩ። ብዛቱ አነሰ፤ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ገቡ፤ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጣቢያና በሸክላ የሚደርሰው የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ፣ በተለይ የኪንግ ከርቲስና የጁኒየር ዎከር ሳክስፎን፣ ለወጣቶቹ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ፣ ሙዚቃ የማሳተሙን መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የሰጠውን የቆየ አዋጅ ችላ ብሎ «ዐምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችና ከአሥር የማያንሱ ረጃጅም አልበሞች አወጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጥቂት የማይባል ክፍል በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ያለ ነው። ለብዙዎቹ ቅንብሩን የሠራው ፒያኒስቱና ድምፃዊው ግርማ በየነ ሲሆን፣ እሱም ኋላ ላይ ከዋልያስ ጋር ተሰለፈ።

የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ አሥር ዓመት ሲሆነው አዲስ አበባ ገባ። አኮርዲዮን የጀመረው በ14 ዓመቱ ነው። ለአጭር ጊዜ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ከሠራ በኋላ ከዚያ ወጥቶ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞችና በአዲስ አበባ ክበቦች እየተዘዋወረ በግሉ መጫወት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ይዘፍንም ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ድምፁን ትቶ በኪቦርድ ላይ አተኮረ። ለዋልያስ ታሪክ ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም፤ ባንዱ በኋላ የሚታወቅበትን ዜማ ተሸካሚ ኦርጋን ያመጣው ዘፋኝ የነበረ ሰው ነውና። የኃይሉን የኦርጋን አጨዋወት ያደመጠ ሰው ዜማውን እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ እየወሰደ፣ እያዘገመ፣ እየተንቀጠቀጠ ሲያወጣው ይሰማዋል።

ከኃይሉ ጋር ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይጫወቱ ነበር። የባንዱ አባላት ከሌሎች የተለዩበት አንድ ነገር መሣሪያዎቻቸውን በራሳቸው ገንዘብ መግዛታቸው ነው። ያን ጊዜ በልማድ ኦርጋኑም፣ ማጉያውም፣ ድራሙም የክበቡ ባለቤት ስለነበሩ ሙዚቀኛው ከቤቱ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው። ባለቤትየው ሲከፋው ባንዱን በትኖ በዚያው መሣሪያ ሌላ ባንድ ያቆማል። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ግን ስሙንና ድምፁን ይዞ ከቤት ቤት መሄድ፣ ውል መደራደርም ይችላል። ዋልያስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከቬነስ ተነሥቶ በ1969 ወደተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተዛወረ፤ በዚያም አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጫወተ።

ሂልተን ለአዲስ አበባ ሙዚቀኛ ከሌላው ቤት ሁሉ የተለየ መድረክ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ በነበረችው ከተማ፣ የእራት ሰዓቱ ታዳሚ ዲፕሎማት፣ የውጭ ነጋዴና ቱሪስት ነው፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ የከተማው ተወላጅ ለጭፈራ ይመጣል። አንድ ባንድ በአንድ ምሽት ለፈረንጁ ለስለስ ያለ ጃዝና የላቲን ሙዚቃ፣ ለወጣቱ ሶል፣ ለሁሉም ደግሞ ትዝታና ችክችካ ማቅረብ ነበረበት። ድምፃዊ በሌለበት በእራት ሰዓት የታወቁ የአማርኛ ዘፈኖችን በመሣሪያ ብቻ መጫወት ከሥራው ግዴታ የመጣ ልማድ ሲሆን፣ የኋለኞቹ አልበሞችም የወጡት ከዚህ ልማድ ነው ማለት ያስደፍራል። በኅዳር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበል፣ የሙዚቃ አስተናጋጁ ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ያ ጉብኝት ለከተማው ሙዚቀኞች የሚያደርጉት ነገር በዓለም ፊት ዋጋ እንዳለው ያሳየ አጋጣሚ ሆኖ አልፏል።

ዓመት ሳይሞላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ሥልጣን በያዘባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ፤ የምሽት ክበቦች ተዳከሙ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ካላለፈ አይታተምም፤ ድምፃውያን አብዮቱን እንዲያወድሱ ይጠበቅባቸዋል። ዐምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ኩባንያውም በዚያው አበቃ። በትልልቅ ሆቴሎች የሚሠሩ ባንዶች ግን በሌላ መልክ ቀጠሉ። ከሰዓት እላፊው በፊት የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱም አብሮት ያድራል። አንድ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ ለአንድ ዓይነት ሕዝብ ሲጫወት የሚያገኘው ልምምድ በየትኛውም ትምህርት ቤት የማይገኝ ነው። የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ቅንጅት ከዚህ አስጨናቂ ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆኑ አይካድም፤ ማንም ግን ይህን ልምምድ በፈቃዱ አልመረጠውም።

በ1975 ዋልያስ «ትዝታ» የተባለውን ካሴት አወጣ። ካሴት በአገሪቱ ገና መስፋፋት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሸክላ ለማሳተም ማስተሩን ወደ ውጭ መላክ፣ የውጭ ምንዛሪ ማግኘትና ወራት መጠበቅ ያስፈልግ ስለነበር፣ እዚሁ ተቀድቶ እዚሁ የሚባዛው ካሴት ለሙዚቀኛው ነፃነትን፣ ለነጋዴው ደግሞ ርካሽ ዋጋን አመጣ። የካሴቱ ይዘት የታወቁ ዜማዎች በመሣሪያ ብቻ የተጫወቱበት ነው። ርእሱ የተወሰደበት ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ዜማ፣ ሰባትና አሥራ ሁለት ድምፅ ለሚጠቀም ኦርጋንና ጊታር ሲሰጥ ፈተናው ምን መጨመር እንዳለበት ሳይሆን ምን መተው እንዳለበት ማወቅ ነው። ዋልያስ ጃዝ ከሚወደው የኅብረ ድምፅ ብዛት ይልቅ ምቱን አጥብቆ፣ ዜማውን ግን በባላገሩ መልክ እንዳለ ትቶታል። ካሴቱ በተወሰነ ቅጂ ተሠራጭቶ ለአርባ ዓመት ያህል የሰብሳቢዎች ብርቅ ሆኖ ቆየ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ «ቸ በለው» የተባለው ረጅም ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ ታተመ። ካይፋ በመርካቶው የሙዚቃ ነጋዴ በዓሊ አብደላ ካይፋ፣ በቅጽል ስሙ ዓሊ ታንጎ፣ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዐምሃ ከተሰደደ በኋላ የሸክላውን ሥራ ያቆየው በዋናነት እሱ ነው፤ ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» በ1975 ያሳተመው እሱው ነበር። «ቸ በለው» ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ የተሠራ አልበም ነው፤ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥራ በጣት የሚቆጠር ነበር። ባንዱ ለዚህ ሥራ ሙላቱ አስታጥቄን በቫይብራፎን ጋበዘ። ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃ ከተማረ በኋላ፣ የላቲን ምትን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ያዋሐደውን ኢትዮ ጃዝ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። የእሱ ስልት በጽሑፍ የተነደፈ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ የዋልያስ ደግሞ በየሌሊቱ ጭፈራ የተሞረደ። ሁለቱ በአንድ ሸክላ ላይ ሲገናኙ የሙላቱ ቫይብራፎን ከኃይሉ ኦርጋን ጋር ሳይጋጭ ቦታ ያገኘው ባንዱ ዝም ማለት የሚያውቅ ባንድ ስለነበር ነው።

ከአልበሙ ሥራዎች ጎልቶ የወጣው የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ቤዝ ጊታሩ አጭር ሐረግ ይዞ ያለማቋረጥ ይደጋግመዋል፤ ትንፋሾቹ በላዩ ላይ በአንድ አፍ ዜማውን ይወረውራሉ፤ ኦርጋኑ በመካከል እየገባ ይመልስላቸዋል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ቁጥብነቱ ግን ለሌላ ሙዚቀኛ በሩን ክፍት አድርጎለታል። የትኛውም አገር ያለ ባንድ ቋንቋ ሳይገድበው አንሥቶ ሊጫወተው ይችላል፤ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ የሆነውም ይህ ነው። አልበሙ የወጣበት ጊዜ ደግሞ መዘንጋት የለበትም። 1977 በአዲስ አበባ የቀይ ሽብር፣ በምሥራቅ የኦጋዴን ጦርነት ዓመት ነበር። ግጥም በሳንሱር ፊት ሲቀርብ እያንዳንዱ ቃል ይመረመራል፤ የሳክስፎን ዜማ ግን ምን እንዳለ ለመጠየቅ አያመችም። አልበሙ ፖለቲካዊ መልእክት ነበረው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ሆኖም ግጥም አልባ ሙዚቃ በዚያ ሰዓት ለሙዚቀኛው የሰጠው ዕረፍት ቀላል አልነበረም።

በማግስቱ ዓመት ኃይሉ ከዋልያስ ሳይለይ ከሌላ ባንድ ጋር አልበም ሠራ። በግዮን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዳህላክ ባንድ ታዳሚው በእድሜ ወጣት፣ ከሂልተኑ ይልቅም የከተማው ልጅ ነበር፤ ሬጌና ሶልም ይበዛበታል። «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለው ይህ የ1978 ካሴት የተቀዳው በዚያው በግዮን ሆቴል፣ ክበቡ ሰው በማያስተናግድበት ሰዓት ነው። ከ«ቸ በለው» ጋር ሲነጻጸር ላላ ያለና ለጭፈራ የቀረበ ነው። በአገሪቱ የሸክላ ኅትመት ያበቃው በዚህ ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የካሴት ዘመን ሆነ።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከኢትዮጵያ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ በነበረበት ወቅት አንድ ሙሉ ዘመናዊ ባንድ ወደ አሜሪካ ለኮንሰርት ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አብረውት የሄዱት ድምፃውያን ማህሙድ አህመድና ጌታቸው ካሣ ናቸው። በየከተማው አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ባብዛኛው ከአብዮቱ የሸሸ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነበር። ለዚያ ታዳሚ ዝግጅቱ ከሙዚቃ በላይ ነበር፤ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ወሬ፣ የጓደኛ መገናኛ፣ የልቅሶም ቦታ ሆኖለታል። ለአሜሪካዊው አድማጭ ግን ባንዱ ሙሉ በሙሉ የማይታወቅ እንግዳ ነበር። ጉዞው በንግድ በኩል ትልቅ በር ሳይከፍት አበቃ።

ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ አሜሪካ ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። የቀሩበትን ምክንያት ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የወጣ ሁሉ የሚገጥመው ምርጫ ነበር። ዮሐንስ ተኮላን ጨምሮ የተመለሱት አባላት የዋልያስን ስም ይዘው አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርተዋል። ሆኖም የ1980ዎቹ የካሴት ገበያ በሮሃና በኢትዮ ስታር ባንድ እጅ ገብቶ ስለነበር ዋልያስ የቀድሞ ቦታውን አላገኘም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ፈረሰ። ትላልቅ የትንፋሽ ጓዶችም በዚያ ወቅት እየጠፉ፣ አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ ሙሉ ካሴት የሚያጅብበት ዘመን እየመጣ ነበር።

አሜሪካ የቀሩት በዋሽንግተን ዲሲ ዙላ ባንድ የሚል ስም አውጥተው ለጥቂት ዓመታት ተጫወቱ። ያን ጊዜ የዋሽንግተን የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ገና ትንሽ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ባንድ የሚቀጥሩ ምግብ ቤቶችም በጣት የሚቆጠሩ። ባንዱ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። ኃይሉ ከዚያ በኋላ አንድ ያልተጠበቀ ሥራ ሠራ። በ1985 አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው ገብቶ፣ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ደራርቦ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። አኮርዲዮን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ በጣም የተወደደ መሣሪያ የነበረ ሲሆን ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ኃይሉ ሆን ብሎ ወደ እሱ ተመለሰ። የድሮው መሣሪያ ከአዲሱ ማሽን ጋር ሲገናኝ የተፈጠረው ድምፅ ከዋልያስም፣ ከዳህላክም፣ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ሁሉም ይለያል። ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሠራጨ፤ ሠሪው ግን እዚያ አልነበረም።

ኃይሉ በ1991 ገደማ በመድረክ መጫወቱን አቆመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ኋላ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ባለው ክፍተት ይለማመድ እንደነበር በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ያሳፈራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሹፌራቸው ማን እንደሆነ አላወቁም። ግርማ በየነም ከመድረክ ርቆ ለረጅም ዓመታት ሙዚቃን ተወ። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባን ድምፅ ከቀረጹት ሰዎች ሁለቱ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ዙሪያ ሳይታወቁ መኖራቸው የስደትን ኑሮ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሙዚቃቸው ግን በዚያው ጊዜ ያለ እነርሱ መጓዝ ጀምሮ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ሰምቶ ከተመሰጠ በኋላ፣ የኢትዮጵያን የሸክላ ቅጂዎች ማሰባሰብ ያዘ። በ1997 ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ጀመረ። ተከታታዩ በኋላ ከሃያ አምስት ቅጾች በላይ ደረሰ። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሥራዎች ሲጠቀም ደግሞ አድማጩ ከሰብሳቢዎች ክበብ ወጥቶ ሰፋ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የኢትዮጵያን ዜማዎች፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ጨምሮ፣ ይጫወት ነበር፤ በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ ያቀረበው ኮንሰርትም በዚሁ ተከታታይ ታትሟል። ይህ ሁሉ ሲሆን የዋልያስ አባላት ያገኙት ጥቅም እምብዛም ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የኃይሉን ሕይወት የለወጠው አጋጣሚ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለውን አሳታሚ የሚመራው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ በየአፍሪካ አገሩ የካሴት ሱቆችን እያሰሰ የሚዞር ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ካገኛቸው ካሴቶች አንዱ የ1985ቱ «ሸሞንሟናዬ» ነበር። ስሙን ይዞ ሠሪውን ፈልጎ ዋሽንግተን አገኘው፤ ተዋዋሉም። ካሴቱ በ2013 በሸክላ፣ በሲዲና በኢንተርኔት ዳግም ሲወጣ ኃይሉ ሃያ ዓመት ያህል ርቆት ወደነበረው መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞችም መጫወት ጀመረ። በ2014 አንድ የፈረንሳይ አሳታሚ «ቸ በለው»ን፣ በ2016 ኦውሰም ቴፕስ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ዳግም አሳተሙ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ዋጋ የሚያወጡ ሲሆኑ፣ ዳግም ኅትመቱ ግን ሙዚቃውን ለማንም አዳረሰው። ዛሬ አዲስ አበባ ቤቴል ሰፈር ያለ የሃያ ዓመት ወጣት አባቱ መርካቶ ፈልጎ ያላገኘውን ካሴት በስልኩ ከፍቶ ያዳምጣል።

ዳግም ኅትመት ግን ያለፈውን መሸጥ ነው። ኃይሉ በየካቲት 2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጀመሪያ አዲስ አልበሙ ሆነ። አብረውት የተጫወቱት ድራመሩ ቶኒ ባክና ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮውስኪ አውስትራሊያውያን ናቸው። ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ጓድ ስለሆነ የዋልያስን ትንፋሾች ቦታ ኪቦርዱና አኮርዲዮኑ ብቻ ነው የሚሞሉት። አልበሙ በትዝታ ይጀምራል፤ «አንቺ ሆዬ ለኔ»ን ጨምሮ የታወቁ ዜማዎችን በአዲስ መልክ ይዞ፣ በመጨረሻ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በተባለ ብቸኛ ፒያኖ ያበቃል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ግርማ በየነ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ«ኢትዮፒክስ» 30ኛ ቅጽ አዲስ አልበም አውጥቶ ነበር። ከዋልያስ የተለያዩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ልዩነት፣ አንዱ በፓሪስ አንዱ በአሜሪካ አሳታሚ በኩል፣ አዲስ ሥራ ይዘው ቀረቡ።

በመጋቢት 2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ከሁሉም ይልቅ ወደ ዋልያስ የቀረበ ነው። የአልበሙ ዋና ጓድ በዋሽንግተን የሚኖሩት ቤዝ ተጫዋቹ ዓለምሰገድ ከበደና ድራመሩ ኬኔት ጆሴፍ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ማሲንቆ ተጫዋቹ ሰጠኝ አጣናውና ድምፃዊት ፀሐይ ካሣ ተጋብዘዋል። ሳክስፎን ይዞ የመጣው ሞገስ ሀብቴ ነው፤ በ1977 «ቸ በለው» ላይ የተጫወተው፣ በ1981 አብሮ አሜሪካ የቀረው። ከ«ቸ በለው» 43 ዓመት በኋላ የኃይሉ ኪቦርድና የሞገስ ሳክስፎን በአንድ አልበም ላይ ተሰሙ። የሥራዎቹ አመራረጥም ሰፊ ነው፤ የክራሯ እመቤት አስናቀች ወርቁ ዜማ ከቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። በሂልተን መድረክ ላይ የወቅቱን ተወዳጅ ዘፈን በመሣሪያ እየቀየረ ይጫወት የነበረ ባንድ አባል በ73 ዓመቱም የኋለኛውን ትውልድ ዘፈን እያነሣ መሆኑ የሥራው ልማድ እንዳልተለወጠ ያሳያል። የማሲንቆው መግባት ግን አዲስ ነገር ነው፤ ዋልያስ በዘመኑ የአገር መሣሪያን በባንዱ ውስጥ አላስገባም ነበር። አልበሙ በወጣበት ወር ዓለም በኮሮና ተዘጋና ለማስተዋወቅ የታሰበው የኮንሰርት ጉዞ ተስተጓጎለ።

በ2021 ኦውሰም ቴፕስ የ1975ቱን «ትዝታ» ከ46 ዓመት በኋላ በኃይሉ መርጊያና በዋልያስ ባንድ ስም ዳግም አሳተመ። በዚያው ዓመት ዐምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈ። በ2023 ደግሞ ኃይሉ በ2016 በብሩክሊን ፓዮኒየር ዎርክስ አዳራሽ ከጓዱ ጋር ያቀረበው ኮንሰርት የቀጥታ አልበም ሆኖ ወጣ።